ከዝገቱ በፊት ጊዛውን አንኳኪ

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አባቷ አዲስ አበባ ውስጥ የአናጢ ቤት ነበራቸው። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ኮምባይኑ፣ ማለትም መጋዙም መላጊያውም መቦርቦሪያውም በአንድ አካል ላይ ያለው የጣሊያን ማሽን፣ ጓሮ ውስጥ በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር አሥራ አንድ ክረምት ቆሟል። ጠረጴዛው ቡና መስሏል፣ የመጋዙ ዳዶ አልፈታ ብሏል፣ የቢላው ዘንግ በእጅ ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ቆራሌው በኪሎ ሊገዛ መጥቷል። የሰፈሯ በያጅ ደግሞ «በግራይንደር በአንድ ቀን ገፍፌ፣ ቀለም ቀብቼ አዲስ አደርግልሻለሁ» ብሏታል። የማንን ልስማ ትላለች።

እህቴ፣ ለጊዜው የሁለቱንም አትስሚ። በተለይ የበያጁን። ቆራሌው ቢወስደው ማሽኑ ቀልጦ ሌላ ነገር ይሆናል፤ በግራይንደር የተገፈፈ የመላጊያ ጠረጴዛ ግን ማሽን መስሎ ቆሞ ዕድሜ ልኩን ጠማማ እንጨት ሲያወጣ ይኖራል። በእጅ የተያዘ ግራይንደር እዚህ ጋ ይበላል፣ እዚያ ጋ ይዘላል። የበላውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ዓይን አያየውም፣ ቀለም የተቀባ ሰሞን እንዲያውም ያምራል። ሁለት ጣውላ ልገሽ ጎን ለጎን ለማጣበቅ ስትገጥሚያቸው ግን መሐላቸው ብርሃን ይገባል። ያኔ በያጁ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል።

አባትሽ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የተዉልሽ ነገር ዋናው ዋጋው ክብደቱ ነው። እነዚህ ማሽኖች በጣሊያን ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ትንንሽ አናጢ ቤቶች አምስት ማሽን ለመግዛት አቅምም ቦታም በሌላቸው ጊዜ የተስፋፉ ናቸው። ሪሚኒ የሚገኘው ኤስ ሲ ኤም የመጀመሪያውን ኮምባይኑን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን ስሙንም «ኢንቪንቺቢሌ» አለው፤ የማይበገረው እንደ ማለት ነው። አካላቸው ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት፣ ነው፤ ጊዛ ደግሞ ንዝረት ይውጣል። ዛሬ በርካሽ የሚመጡት ባለ ላሜራ ኮምባይኖች ይህ የላቸውም፤ ዋንዛ ሲገባባቸው አብረው ይንቀጠቀጣሉ። (ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ዳዶ፣ ቡሎን የምንለውም ሁሉ ከዚያው ከጣሊያን የመጣ ቃል ነው። ማሽኑና ስሙ አብረው ገቡ።)

እንግዲህ ሥራው። መጀመሪያ ማድረግ የሌለብሽን ልንገርሽ፦ «ሞተሩ ይሠራ እንደሆን ልየው» ብለሽ ሶኬት ላይ አትሰኪው። አሥራ አንድ ክረምት እርጥበት የጠጣ ጥቅልል በአንድ ብልጭታ ይቃጠላል፤ የደረቀ ኩሽኔታም ዘንጉን ይዞ ይቆልፋል። ከዚያ ስልክሽን አውጥተሽ ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሺ። ቺንጋው በየትኛው ፑሌጃ እንዳለፈ፣ የትኛው ስፔሰር ከየትኛው ጎን እንደገባ። ስትፈቺው «ይህንማ አልረሳውም» ትያለሽ። ትረሺዋለሽ።

ቀጥሎ ትንሽ መዶሻ ያዢና ጊዛውን አንኳኪ፤ በቀስታ፣ በየቦታው። ጤነኛ ጊዛ እንደ ደወል ባይሆንም ይጮኻል፣ ድምፁ ጥቂት ይቆያል። የተሰነጠቀው እንደ ተሰነጠቀ ጀበና ድፍን ያለ፣ ቶሎ የሚሞት ድምፅ ነው የሚሰጠው። የጠረጠርሽው ቦታ ላይ ላምባ በብሩሽ ቀቢ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቂ፣ በደረቅ ጨርቅ አጥብቀሽ ጥረጊው፣ ከዚያ ጠመኔ አድቅቀሽ ነስንሺበት። ስንጥቅ ካለ የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ጠመኔ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ እርጥብ መስመር ይሥላል። ይህን ፈተና የምሰጠው ለማንኛውም ማሽን ነው፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የሳምንታት ሥራ ግን ይወስናል። ስንጥቁ ከለላው ወይም እግሩ ላይ ከሆነ ምንም አይደለም። ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቤት ላይ ወይም የጠረጴዛው ተሸካሚ ላይ ከሆነ ግን፣ የሚያምኑት የጊዛ በያጅ ከሌለሽ፣ ቆራሌውን ጥሪው። ጊዛ እንደ ተራ ብረት ሳይሞቅ ከተበየደ ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል።

ድምፁ ደህና ነው እንበል። አልፈታ ያለው የመጋዝ ዳዶ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫውን ነው። የመጋዙ ዳዶ መጋዙ በሠራ ቁጥር እንዲጠብቅ ተደርጎ ጥርሱ የወጣ ስለሆነ፣ በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ከተለመደው ተቃራኒ ነው። ግራና ቀኝ እያልሽ አትጨነቂ፤ ምላጩ ሲቆርጥ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ነው ዳዶው የሚፈታው። ወንድምሽ ወይም ጎረቤት በሁለት ሜትር ቧንቧ ሲጎትተው የከረመው ምናልባት ወደ ማጥበቂያው ነው። የመኪና መሪ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅለሽ በጠብታ ስጪው፣ በማግሥቱ ድገሚው፣ በሦስተኛው ቀን ሞክሪ። አሴቶን እሳት ይወዳል፤ ከምድጃም ከሲጋራም ራቂ።

አሁን ዝገቱ። ለጠረጴዛው የሚያስፈልግሽ ላምባ፣ የምላጭ መፋቂያ፣ ቀጥ ያለ የእንጨት ጉማጅና ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው። ላምባውን አፍስሰሽበት አሳድሪ። ጠዋት ምላጩን ጠረጴዛው ላይ ሊተኛ ምንም ያህል እስኪቀረው አዘንብለሽ ግፊው፤ ዝገቱ እንደ እርጥብ ቡና አተላ እየተጠቀለለ ይመጣል። ሲያልቅ 180 ቁጥር ወረቀት ጉማጁ ላይ ጠቅልለሽ፣ በላምባ እያራስሽ፣ በጠረጴዛው ርዝመት ብቻ እሺው። ከዚያ 320። በባዶ ጣት አትሺ፤ ጣት ለስላሳውን ቦታ ፈልጎ ይቆፍራል። ጥቁር ጥላና ትንንሽ ጉድጓዶች ይቀራሉ። ተያቸው። እንጨት የሚንሸራተተው በጉድጓዱ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ሜዳ ላይ ነው። እንደ መስታወት ካላበራ የሚል ሰው ነው ብዙውን ጊዜ ጠረጴዛ የሚያበላሽ።

ለትንንሾቹ፣ ማለትም ለመያዣዎች፣ ለእጀታ ዘንጎች፣ ለጥርስ መንኮራኩሮች፣ በእጅ መፈተግ ጊዜ ማባከን ነው። የፕላስቲክ በርሜል ውኃ ሙይ፣ ለየአራት ሊትሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ ጨምሪ። ይህ የራሳችን ነገር ነው፣ ከአብጃታ ሐይቅ ሲወጣ የኖረው ዓይነት። የድሮ ዓይነት የ12 ቮልት ባትሪ ቻርጀር ፈልጊ፤ አዲሶቹ ባትሪ ካላዩ አይነሡም። አሉታዊውን ሽቦ የዛገው ዕቃ ላይ፣ አዎንታዊውን የምትጥይው ቁራጭ ፌሮ ላይ እሰሪ። ሁለቱ አይነካኩ። ሶኬቱን ስትሰኪ ዕቃው በጥቃቅን አረፋ ይሸፈናል፤ ሲነጋ ዝገቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ በጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ሁለቱን ሽቦ ካገላበጥሽ ዕቃሽ ይበላና ፌሮው ይጸዳል፤ ደርሶብኛል፣ የሰው ዕቃ ነበር።

አረፋው ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ደጅ ይሁን። በፌሮው ፋንታ ስቴይንለስ ማንኪያ ወይም ድስት የሚያስገቡ አሉ፤ ከእሱ የሚወጣው ክሮሚየም መርዝ ነው፣ በፍጹም አታድርጊው። አሉሚኒየም በርሜሉ ውስጥ አይግባ፣ ሶዳው ይበላዋል። ቢላና ስፕሪንግም አይግባ፣ ሃይድሮጅን የጠነከረ ብረትን ተሰባሪ ያደርጋል። የወጣው ዕቃ ወዲያው ደርቆ ዘይት ካልተቀባ ዓይንሽ እያየ ቢጫ ይሆናል።

ኩሽኔታዎቹን ያለ ጥያቄ ቀይሪ። መንኮሻኮሽ የጀመረ ኩሽኔታ ግራሶ ቢጠጣ አይድንም። የጎኑ ቁጥር የሚነበብ ከሆነና መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት አሃዞች 04 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ በአምስት አባዢያቸው፣ የዘንጉን ውፍረት ይሰጥሻል፦ 6204 ከሆነ 20 ሚሊ ሜትር፣ 6205 ከሆነ 25፣ 6206 ከሆነ 30። በሁለቱም ጎን ጎማ ያለውን፣ ቁጥሩ መጨረሻ 2RS የሚለውን፣ ጠይቂ፤ የእንጨት ብናኝ የብረት ክዳን ያለውን አልፎ ይገባል። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ ካነሰ፣ ጽሑፉም ደብዘዝ ካለ አትግዢ፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ስም ምንም ዋስትና አይደለም። ሲገጠም ዘንጉ ላይ የሚገባው በውስጠኛው ቀለበት ብቻ እየተገፋ ነው። በዚያው ልክ የተቆረጠ ቧንቧ በቂ ነው። ውጭውን ቀለበት በመዶሻ የመታ መካኒክ ኩሽኔታውን ከካርቶኑ ባወጣበት ቀን ገድሎታል።

ዘንጉ ባዶውን ሲሆን ቶርኖ ቤት ውሰጂውና በሁለት ጫፍ ይዘው በኮምፓራቶር፣ ማለትም መወዛወዝን በሚለካ ባለ መርፌ ሰዓት፣ ያዙሩልሽ። ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ካወዛወዘ ይስተካከል ወይም አዲስ ይሠራ።

የቢላው ዘንግ ላይ ግን ቁም ነገር አለ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቢላዎቹን ሳትፈቺ ጎንበስ ብለሽ ከዳር እዪው። ቅርጹ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? አራት ማዕዘን ከሆነ በዚያ ዘንግ አንድ ጣውላ እንኳ አትላጊ። አራት ማዕዘን ዘንግ በእያንዳንዱ ፊቱና በጠረጴዛው ከንፈር መሐል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል፤ እጅ ከሾለከ የሚሄደው የጣት ጫፍ ብቻ አይሆንም። ክቡ ግን ቢላው ከወጣበት አንድ ሚሊ ሜትር በላይ አይነክስም። እንግሊዞች በእጅ እንጨት የሚገፋበት መላጊያ ክብ ዘንግ እንዲኖረው በሕግ ያስገደዱት እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። የድሮ ማሽን ፍቅር እዚህ ላይ ያቆማል፤ ክብ ዘንግ ቶርኖ ቤት አሠሪ ወይም የመላጊያውን ክፍል ዝጊውና በመጋዙ ብቻ ተጠቀሚ።

ክብ ከሆነ እሰየው። ቢላዎቹን አውጥተሽ ከሚዛን ላይ አስቀምጪያቸው። የኩሽና ሚዛን አይበቃም፤ እኔ ወርቅ ቤት ነው የምወስዳቸው። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ራሱ ጓጉቶ ያነሳቸዋል። ከግማሽ ግራም በላይ ልዩነት ካላቸው የከበደው ይሳል። በደቂቃ ከ4,000 ጊዜ በላይ የሚዞር ዘንግ ላይ ያች ልዩነት ኩሽኔታሽን በዓመቱ ትበላዋለች። ቢላውን የሚያጣብቁትን ብሎኖች አንድ በአንድ እዪ፤ ጭንቅላቱ የላላ፣ ጥርሱ የተበላ ካለ ሁሉንም በአዲስ ቀይሪ። ጥንካሬያቸው ቢያንስ 8.8 የሚል የተጻፈባቸው ይሁኑ። የቆርቆሮ ብሎን የገባባቸው ዘንጎች አይቻለሁ።

ወጣት ሆኜ ቢላ ስቀይር ስልክ ተደወለ። መልሼ መጣሁና የቀረችኝን አንዲት የመሐል ብሎን ያጠበቅኋት መሰለኝ። ስናስነሣው እንደ ፉጨት ያለ ነገር ተሰማ፣ ቀጥሎ አንድ ጊዜ ጧ! አለና ዝም አለ። ሰው አልተነካም። ቢላው ከኋላችን ባለው ቆርቆሮ ላይ የደብዳቤ ሣጥን አፍ የመሰለ ቀዳዳ ከፍቶ ወጥቷል፤ ከጎረቤት ጎመን መደብ ውስጥ ነው ያገኘነው። ከዚያ ወዲህ ቢላ ስነካ ስልኬን አጠፋለሁ፣ ስጨርስም ከአንደኛው ብሎን ጀምሬ እንደገና እዞራቸዋለሁ። በመጀመሪያ ከመሐል ወደ ዳር በግማሽ ጥንካሬ፣ ከዚያ ሙሉውን።

ቢላው ልኩን የሚያገኘው በእንጨት ቁራጭ ነው። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ጎኑ ቀጥ ያለ እንጨት ከቢላው ኋላ ባለው፣ ማለትም የተላገው እንጨት በሚያርፍበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ፤ ጫፉ ከቢላው በላይ ይለፍ። ጠረጴዛው ከንፈር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ዘንጉን በእጅሽ፣ በቀስታ፣ ቢላው በሚሠራበት አቅጣጫ አዙሪው። ቢላው እንጨቱን ነክቶ ይዞት ይሄዳል፣ ከዚያ ይለቀዋል። እንደገና ምልክት አድርጊ። የሁለቱ ምልክት ርቀት ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ቢላው ልክ ነው። ጨርሶ ካልነካው ዝቅ ብሏል፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ከወሰደው ከፍ ብሏል። በግራ ጫፍም በቀኝ ጫፍም፣ በሁሉም ቢላ ላይ ያው ርቀት እስኪመጣ ድረስ ነው ሥራው። የመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ቀን ይወስድብሻል።

ወደ መብራቱ እንምጣ። የጣሊያን ሞተር እንደኛው በ50 ኸርዝ የሚሠራ ስለሆነ ፍጥነቱ አይለወጥም። (ዘመድ ከአሜሪካ የላከለት ሰው ግን ይህን ያስብ፤ እዚያ 60 ኸርዝ ነው፣ ሞተሩ ላይ 1725 የተባለው እዚህ ወደ 1440 ይወርዳል፣ የ110 ቮልቱን ጣጣ ሳንጨምር።) የሞተሩን ሳህን አጽድተሽ አንብቢ። 220/380 ካለ ዕድለኛ ነሽ፦ ሦስት ፌዝ ካለሽ በኮከብ አሳስረሽ በ380 ትሠሪያለሽ፣ ከሌለሽም በዴልታ አሳስረሽ ከቤት መብራት በፍሪኩዌንሲ ኢንቨርተር፣ ማለትም ከአንድ ፌዝ ሦስት ፌዝ በሚያወጣ ሣጥን፣ ታስነሺዋለሽ። 380/660 ካለ ያ ተራ ኢንቨርተር አይበቃውም፤ ሦስት ፌዝ ማስገባት ግድ ይሆናል። ከማስነሣትሽ በፊት ሞተር ጠምጣሚ ዘንድ ወስደሽ የጥቅልሉ መከላከያ መብራት ያሾልክ እንደሆነ በሚያሳየው በሜገር ይለካልሽ። በ500 ቮልት ሲለካ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ገና እርጥብ ነው። ክዳኑን ከፍተሽ የ100 ዋት አምፖል አጠገቡ አብርተሽ አንድ ሁለት ቀን አድርቂውና እንደገና ይለካ፤ ብዙ ጊዜ ያለ አዲስ ጥምጠማ ይድናል።

የድሮውን የሚታጠፍ ማብሪያ ግን አውጥተሽ ጣይው። መብራት ሲሄድ ያ ማብሪያ እንደ በራ ይቀራል፤ አንቺ መጋዙ ላይ ጎንበስ ብለሽ ብናኝ ስትጠርጊ መብራት ይመጣል። በእኛ ከተማ ይህ «ምናልባት» አይደለም። በቦታው አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው ኮንታክተር አስገቢ፣ መብራት ሲመጣ እስክትጫኚው ይጠብቃል። ከሙሉ ጥገናው ውስጥ ገንዘብ ቢያጥርሽ ቀለሙን ትተሽ ይህን ግዢ። መሬት ሽቦውም ከአካሉ ጋር ይታሰር።

ለማስተካከያው ልዩ መሣሪያ አያስፈልግሽም። የቢሮ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ረጅም ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ውኃ ልክ ሁለቱን የመላጊያ ጠረጴዛዎች ላይ በቁመትም በሰያፍም አስተኚ፤ ከሥሩ ወረቀት ሊሾልክ የሚችልበት ቦታ ካለ ጠረጴዛው ወርዷል፣ በሥሩ ካሉት ማስተካከያዎች ይነሣል። ለመጋዙ አንድ ጥርስ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። ያንኑ ጥርስ ፊት ለፊትም ኋላም አዙረሽ ከጠረጴዛው ቦይ ያለውን ርቀት ለኪ። ልዩነቱ ከአንድ ወረቀት በላይ ከሆነ እንጨቱ ኋላ ላይ ይቃጠላል፣ ወይ ተመልሶ ይወረወርብሻል። ከምላጩ ኋላ የሚቆመው የብረት ሰይፍ ጠፍቶ ከሆነ (ሁልጊዜም ይጠፋል፣ አናጢ አይወደውም) ከምላጩ ሰሌዳ ትንሽ የወፈረ፣ ጥርሱ እንጨቱ ላይ ከሚከፍተው መንገድ የቀጠነ አድርገሽ አሠሪ፤ ከጥርሱ ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ርቆ ይቁም።

ቀለም ትጠይቂኛለሽ። የፈለግሽውን ቀቢ። የድሮውን ግን በደረቁ አትፋቂው፣ እሳትም አታንድጂበት፤ የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ በቤት ልጆች ካሉ ደግሞ የባሰ ነው። እያራስሽ ፋቂ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስበሽ አስወግጂ።

ጠረጴዛው ካለቀ በኋላ ክረምት ሳይገባ ሰም ቀቢው። ጧፍ የሚሠራበት ንጹሕ ሰም ከተርፔንታይን ጋር በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ቆርቆሮ አሟሚ፣ እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ። እንደ ቅቤ ሲረጋ በጨርቅ ቀብተሽ ወልውይው። ሲሊኮን ያለበት የመኪና ሰም አታስጠጊ፤ እንጨቱ ላይ ይጋባና ቫርኒሽ ስትቀቢ ዓይን ዓይን እያለ አይዝልሽም።

የመጀመሪያው ሙከራሽ የባሕር ዛፍ ቁራጭ ይሁን፤ የአባትሽን ዋንዛ ለኋላ አቆይው። ከዚያ በፊት ግን ያለ እንጨት አሥር ደቂቃ አስነሥተሽ ከጎን ቁሚና፣ መብራቱን አጥፍተሽ ሶኬቱን ነቅለሽ የኩሽኔታውን ቤት በእጅሽ ንኪው። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ኩሽኔታው ተጣብቧል ወይም ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሯል። የሞተሩን ሳህንና የቢላውን ዘንግ ከዳር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን በሁለት ደቂቃ እነግርሻለሁ፣ ቆራሌውም እስከዚያ ይጠብቅ።